ማስመሪያ ለጨበጡ ነቢያት የቀረበ ውዳሴ

ሰሞኑን በባሕር ዳር ቡና በተፈላበት ሁሉ የሚነገረውን ትንቢት ያልሰማ አንባቢ ይኖራል ብዬ አልገምትም። «የቦታ ዋጋ ባለፉት ሦስት ዓመታት እጥፍ ሆኗል፤ ስለዚህ በሚመጡት ሦስት ዓመታትም እጥፍ ይሆናል» የሚሉን ሊቃውንት ምስጋና ይገባቸዋል። የጥንቱ ጠንቋይ ቢያንስ ጥቁር ዶሮ ያስገዛ ነበር፤ ለእነዚህ ግን የድሮውንና የዛሬውን ዋጋ የሚያሳዩ ሁለት ነጥቦችና መስመሩን ወደ ፊት የሚቀጥሉበት አንድ ማስመሪያ ይበቃቸዋል። ዋጋው ለምን ጨመረ ብሎ መጠየቅ በፊታቸው ነውር ነው።

ይህ ጥበብ ምነው ቀደም ብሎ በተስፋፋ! በ1995 ዓ.ም. የጣና ውኃ ሸሽቶ የጀልባ ጉዞ በተስተጓጎለ ጊዜ፣ ማስመሪያውን ያነሣ ሊቅ ሐይቁ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ጤፍ እንደሚዘራበት ባረጋገጠልን ነበር። ውኃው የወረደው ዝናብ በማነሱና ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በጨራ ጨራ ግድብ በሮች በኩል ለኃይል ማመንጫ በመለቀቁ መሆኑ ለመስመሩ ምኑም አይደለም።

የጥበቡ ሙሉ ክብር የሚገለጠው ግን በሕፃን ላይ ነው። ጤነኛ ሕፃን 50 ሳንቲ ሜትር ገደማ ሆኖ ይወለድና በመጀመሪያው ዓመት 25 ሳንቲ ሜትር ያህል ያድጋል። መስመሩን ብንቀጥለው ልጁ በ54 ዓመቱ 14 ሜትር ይሞላል፤ የጣና ጥልቁ ቦታም ከዚያ ብዙ አይበልጥም። ስድሳ ዓመት ሲሞላው እንግዲህ አፍንጫውን ከውኃው በላይ አድርጎ ከባሕር ዳር ወደ ደቅ ደሴት በእግሩ ይሻገራል ማለት ነው፤ የደንገል ታንኳ ሠሪዎች ከወዲሁ ሌላ ሙያ ቢይዙ ይሻላቸዋል። የክብደቱስ ነገር? በዓመቱ ሦስት እጥፍ የሚሆነው ይህ ሕፃን ሦስት ኪሎ ሆኖ ከተወለደ በአራተኛ ልደቱ 243 ኪሎ ይመዝናልና፣ እናቱ ለአንቀልባው የበሬ ቆዳ ታዘጋጅ። ሊቃውንቱ በዚህ ይስቃሉ፤ ልጅ ማደጉን እንደሚያቆም ያውቃሉና። ዋጋም እንዲሁ ሊቆም ይችላል ያላቸውን ግን ሟርተኛ ይሉታል።

ማስመሪያው ፎገራ ሜዳ ሲደርስ ግን ሽሙጡ ይቅር። «አምና ሽንኩርት ተወዷል፤ ዘንድሮም ይወደዳል» የተባለ ገበሬ ተበድሮ ዘርና ማዳበሪያ ይገዛል፤ ጎረቤቱም፣ የጎረቤቱ ጎረቤትም ያንኑ ሰምተው ይዘራሉ። ሁሉም ያመነው ትንቢት ገበያውን በሽንኩርት አጥለቅልቆ ራሱን ያፈርሳል። ምርቱ ሲበሰብስ ዕዳው በገበሬው ጫንቃ ላይ ይቀራል፤ ተናጋሪው ግን አንዲት ሳንቲም አይከፍል፣ ይቅርታ አይጠይቅ። ይህ ዕውቀት አይደለም፤ በሰው ኑሮ ቁማር መጫወት ነው።

ሆኖም ክብራቸውን አልነካም። ዋጋው በወደቀ ማግሥት ያው ሊቅ ማስመሪያውን ወደ ታች አዘንብሎ ለከርሞ ይብስ እንደሚወድቅ ይተነብያል፤ ገበሬዎቹ ሰምተው ሽንኩርቱን ይተዉታል፤ ሽንኩርት ከገበያ ይጠፋል፤ ዋጋው ይንራል፤ እርሱም በደስታ አዲስ ነጥብ ያስቀምጣል።