ሲያጌጡ ይመላለጡ

ዕድር 100 ብር ቀጣኝ። ምክንያቱ «ቀብር ላይ አለመገኘት» ይላል።

ተገኝቻለሁ እኮ! ጥቁር ኮቴን ለብሼ፣ ጃንጥላዬን ይዤ፣ ልክ በ9 ሰዓት ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ ቆሜያለሁ። አሥራ አምስት የምንሆን ዕድርተኞች ነበርን። የጠፋው ሬሳው ነው። ለካ ቀብሩ በ6 ሰዓት አልቆ፣ ሰዉ ንፍሮውን ቀምሶ ተበትኗል።

የዕድራችን ጸሐፊ ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ልጃቸው ከአሜሪካ ስትመጣ ኮምፒውተር አመጣችላቸው። ሳሎን ውስጥ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ዳንቴል ለብሶ ተቀምጧል። ደግ ሰው ናቸው፣ ለዕድሩ ሲሉ እንቅልፍ የላቸውም። ችግሩ አንድ ማታ ወርድ አርትን፣ ያንን የኮምፒውተር ጽሑፍ ማስጌጫ፣ አገኙት። ከዚያ ወዲህ የወር መዋጮው በቀስተ ደመና ቀለም ይመጣል። የድንኳን ኪራዩ ጥላ አለው። የሞት ማስታወቂያው ደግሞ እንደ ማዕበል እየተወዛወዘ፣ ከግራና ከቀኝ ጽጌረዳ ታጅቦ ቴሌግራም ላይ ይለጠፋል። አንዴ ጎረቤቴ በደንብ ሳታነበው «እንኳን አደረሳችሁ» ብላ መለሰችበት።

የዚህኛው ቀብር ማስታወቂያ ግን ክብ ነበር። ወርድ ላይ ጽሑፍን እንደ ቀለበት የሚያዞር ነገር አለ። የሟች ስም ከላይ ሆነ፤ ቤተ ክርስቲያኑ በቀኝ በኩል ወረደ። ከታች፣ ሁሉም ፊደል አናቱ ወደ መሬት በሚሆንበት ቦታ፣ በሁለት አበቦች መሐል አንዲት ቁጥር ብቻዋን ቁጭ ብላለች። 9 ትላለች። ስልኬን ገልብጬ ላጣራ ስል፣ ስልኬ ብልጥ ነውና ምስሉን መልሶ አዞረልኝ። አሁንም 9።

በግዕዝ ቁጥር ቢጽፉት ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር። ፮ን የፈለጋችሁትን ያህል ገልብጡት፣ ፱ አይሆንም። እርግጥ ነው፣ ያን ጊዜ ማንበብ ስለማንችል ጭራሽ አንድም ሰው አይመጣም።

አያቴ «ሲያጌጡ ይመላለጡ» ትል ነበር። ይህን ተረት የምወደው ሁለት ቃል ብቻ ስለሆነ ነው። በሁለት ቃል ሴትዮዋ መስታወት ፊት ስትቀመጥ፣ ሹሩባው ሲጠብቅ፣ ትንሽ ይጥበቅ ስትል፣ ግንባሯ በየወሩ ወደ ኋላ ሲሸሽ ይታየኛል። አያቴ ተረቱን የምትወረውረው አዲስ መጋረጃ ባየች ቁጥር ነበር። መጋረጃው ምን እንዳደረጋት አላውቅም።

ጌጥ ጠላሁ እንዳትሉኝ። የብራና መጻሕፍትን አይታችሁ ከሆነ ጌጥ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ቁም ጸሐፊው በመቃ ብዕር ይጽፋል። ያለው ጥቁርና ቀይ ቀለም ነው። ቀዩን ለአርእስቱና ለቅዱሳን ስም ይቆጥበዋል። የመጽሐፉ መግቢያ ላይ ሐረግ ይሳላል፣ ያ እርስ በርሱ የሚጠላለፈው ጌጥ። ሐረጉ ግን ፊደሉ ላይ አይወጣም፣ ድንበሩን ያውቃል። ወርድ አርት ግን በማይክሮሶፍት ኦፊስ 97 ላይ 30 ዓይነት ጌጥ ደርድሮ ብቅ አለ። 30! እኔም ንጹሕ አይደለሁም። ተማሪ ሳለሁ ለአንድ አሳይመንት ሽፋን ሌሊቱን ሙሉ ከ30ው ሳማርጥ አድሬ፣ ውስጡን ጠዋት ታክሲ ውስጥ ጽፌዋለሁ።

የእኛ ፊደል ደግሞ ይህን ሁሉ አይችልም። ሊ እና ሌን የምትለያቸው እግራቸው ሥር ያለችው ትንሽ ነገር ናት። ፊደሉን አወፍረው ጥላ ሲጨምሩበት የሌ ቀለበት ይደፈንና ሁለቱ አንድ ይሆናሉ። ኢታሊክ የሚባለውም አለ። የፈረንጁ ኢታሊክ የራሱ የእጅ ጽሑፍ ታሪክ አለው። የእኛው ግን ኮምፒውተሩ ገፍቶ ያዘነበለው ፊደል ነው፤ ከመጠጥ ቤት የወጣ ይመስላል።

ፎንት ከተነሳ ደግሞ የቆየ ቂም አለብኝ። በ1996 ዓ.ም. ለአንድ መሥሪያ ቤት የሥራ ማመልከቻ ጻፍኩ። የኮምፒውተር ጽሕፈት የምትሠራልኝ ልጅ ቆንጆ ፎንት መረጠችልኝ፣ በፍሎፒ ይዤ ሄድኩ። የዚያን ጊዜዎቹ ፎንቶች ዘዴ የፈረንጁን ፊደል ቦታ ነጥቆ የእኛን ሥዕል ማስቀመጥ ነበር። ውስጡ ያው ፈረንጅ ነው፣ የሀገር ልብስ ለብሶ። ፎንቱ የሌለበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ልብሱ ይወልቃል። የእኔም ወለቀ፣ ያውም በሦስት ሰዎች ፊት። ስሜ የዶላር ምልክት፣ የጥያቄ ምልክትና ኮፍያ ያደረጉ የፈረንጅ ፊደሎች ሆነ። የቢሮዋ ሴትዮ መነጽሯን ዝቅ አድርጋ «ስምህ ይሄ ነው?» አለችኝ። ሦስቱም ሳቁ። ዩኒኮድ፣ ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚግባቡበት የፊደል መዝገብ፣ ፊደላችንን እኮ በፈረንጆቹ 1999 ተቀብሎት ነበር! ወሬው እኛ ሰፈር አልደረሰም እንጂ። የእኛን ፊደል የያዘው ኒያላ የሚባለው ፎንት ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር በፈረንጆቹ 2007 ሲመጣ እኔ ሌላ ቦታ ተቀጥሬ ነበር። ሴትዮዋን ግን እስከ ዛሬ ይቅር አላልኳትም። ሥራውንም የወሰደው በእጁ ጽፎ ያመጣ ሰው ነው።

ድሮ ዕድር ጡሩምባ ነፊ ነበረው። ገና ሳይነጋ ይነፋል፣ ከዚያ የሟችን ስም፣ ቦታውንና ሰዓቱን በየመንገዱ ይጮኻል። ጥላ የለው፣ ጽጌረዳ የለው። ስድስት ሰዓት ካለ ስድስት ሰዓት ነው። ድምፅ አይገለበጥም። ፍራሽህ ላይ ሆነህ እየረገምከው ትሰማዋለህ፣ ግን ትሰማዋለህ።

እዚህ ላይ ቀልዱ አይጥመኝም። ያን ቀን የተቀበሩት እናት የሰፈሩን ሰው ሁሉ ቀብር ያስፈጸሙ ናቸው። በዝናብ፣ በፀሐይ፣ በዚያ በሚያማቸው ጉልበታቸው። የእሳቸው ቀን ደርሶ አሥራ አምስት ሰው የቀረባቸው በሁለት አበባ ምክንያት ነው። ልጃቸው ለቅሶ ቤት ስገባ ቀና ብሎ አየኝና «መጣህ?» አለኝ። ስለ ክብ ጽሑፍ በዚያ ሰዓት እንዴት ይወራል?

እና ቅጣቱ። ጸሐፊያችን ቤት ሄድኩ። ተናግሬ ልወጣላቸው መንገድ ላይ ሙሉ ንግግር አዘጋጅቻለሁ።

«ጋሼ፣ ሰዓቱ እኮ ተገልብጦ ነው» አልኳቸው።

«እሱስ ዳኛውም ነግሮኛል፣ ልክ ናችሁ» አሉ። ቅጣቱ ግን አንዴ መዝገብ ገብቷል። ዳንቴሉን ከኮምፒውተሩ ላይ ቀስ ብለው አነሱና አጣጠፉት። «እሺ፣ ዲዛይኑስ? እሱን ንገረኝ።»

ልጃቸው የላከችው ቡና በጀበና ቀርቧል። ፈንዲሻም አለ። ሰውዬው ዓይን ዓይኔን ያዩኛል።

«ቆንጆ ነው» አልኩ።

100 ብሬን ከፍዬ ወጣሁ። ማታ የተቀጪዎች ዝርዝር ቴሌግራም ላይ ተለጠፈ። አራተኛ ላይ ነኝ። የወርቅ ቀለም፣ ከኋላው ጥላ፣ ዳርና ዳር ኮከብ። ስሜ በወርቅ ሲጻፍ ገና የመጀመሪያዬ ነው። ስክሪንሾት አድርጌ አስቀምጬዋለሁ።