የኡበር መኪናና ተጨማሪ ዋራንቲ፦ ይገዛ ወይስ ይቅር?

በዋሽንግተን ዲሲና በአካባቢዋ ኡበርና ሊፍት የሚነዳ ወገን አዲስ መኪና ሲገዛ የመጨረሻውን ፊርማ የሚያኖረው በዲለሩ (በመኪና ሻጩ ድርጅት) ፋይናንስ ክፍል ነው። "ኤክስቴንድድ ዋራንቲ" የሚባለው ወረቀትም የሚወጣው እዚያው ነው። ሁለት ጉዳዩን ጠንቅቀው የሚያውቁ ሰዎች ተከራክረውበታል። ንግግሩ በአየር ላይ እንዳይቀር አንድ ምሳሌ ይዘው ተነሥተዋል፦ የ2025 ቶዮታ ካምሪ ሃይብሪድ (በቤንዚንም በኤሌክትሪክም የሚሄድ)፣ በዓመት 45 ሺህ ማይል፣ 7 ዓመት ወይም 100 ሺህ ማይል (ቀድሞ እስከሞላው ድረስ) የሚሸፍን የ3,000 ዶላር ውል።

ይቅር ባይ

ከስሙ ልጀምር። ሻጩ ዋራንቲ ይበለው እንጂ በሕግ ስሙ ሰርቪስ ኮንትራክት (የጥገና ውል) ነው። ዋራንቲ ከመኪናው ዋጋ ጋር አብሮ የሚመጣ የፋብሪካው ግዴታ ሲሆን፣ ይሄኛው ለብቻው የሚሸጥ ዕቃ ነው። ዲለሩ በአንድ ዋጋ ያመጣዋል፣ የራሱን ጨምሮ ይሸጠዋል። ገዢው ወንበሩን ገፍቶ ሲነሣ ዋጋው የሚወርደው ለዚህ ነው።

ቶዮታ ለአዲስ መኪና ሙሉውን ዋራንቲ የሚሰጠው ለ3 ዓመት ወይም ለ36 ሺህ ማይል ነው። ሞተርና ካምቢዮ እስከ 5 ዓመት ወይም 60 ሺህ ይሄዳሉ። ኢንቨርተሩ (የባትሪውን ኤሌክትሪክ ለሞተሩ የሚቀይረው) እና የሃይብሪዱ ኮምፒውተሮች እስከ 8 ዓመት ወይም 100 ሺህ፣ ትልቁ ባትሪ እስከ 10 ዓመት ወይም 150 ሺህ ማይል ተሸፍነዋል። ካታሊቲክ ኮንቨርተሩም (የጭስ ማጣሪያው) በፌዴራል ሕግ እስከ 8 ዓመት ወይም 80 ሺህ ማይል በፋብሪካው ኃላፊነት ነው። (ቢሰረቅ ግን የኢንሹራንስ ጉዳይ ነው፤ ሁለቱን የሚያምታታ ሰው አይጠፋም።)

አሁን የ100 ሺውን ውል በዚህ ላይ ደርቡት። አዲስ መኪና ላይ የሚሸጥ ውል እንደ ደንቡ መቁጠር የሚጀምረው ከ36 ሺህ በኋላ ሳይሆን ከዜሮ ማይል ነው። የመጀመሪያውን 36 ሺህ ማይል እንግዲህ በነጻ ያገኙትን መልሰው ገዙት ማለት ነው። በዓመት 45 ሺህ የሚነዳ ሰው እሱን ከ10 ወር ባነሰ ጊዜ ይጨርሳል፤ 100 ሺው ደግሞ በ27ኛው ወር ያልቃል። "7 ዓመት" የሚለው ለእሱ የወረቀት ጌጥ ነው። የቀረው 17 ወር ነው፤ 3,000 ዶላር ለ17 ወር ሲካፈል በወር 176 ዶላር ይመጣል። በሎኑ ላይ ከተጫነማ፣ በ8 በመቶ ወለድ በ72 ወር 3,787 ዶላር ይሆናል። ውሉ ሞቶ ከተቀበረ በኋላ ለ45 ወር ይከፈልበታል።

ይገዛ ባይ

ወንድሜ ሒሳቡን አሳምረው ሠርተውታል፤ ግን በወር ነው የሠሩት። ሾፌር የሚኖረው በማይል ነው። 3,000 ዶላር ለ64 ሺህ ማይል ሲካፈል በማይል 5 ሳንቲም እንኳ አይሞላም። መጠየቅ ያለበት ከ36 እስከ 100 ሺህ ባለው መንገድ ላይ ፋብሪካው ምኑን ባዶ ትቶታል የሚለው ነው።

"ሞተርና ካምቢዮ እስከ 60 ሺህ" ሲባል ብዙ ሰው መኪናው በሙሉ የተሸፈነ ይመስለዋል። ኤሲው የለበትም። ስክሪኑ የለበትም። የኤሌክትሪክ መሪው፣ የፊት መብራቶቹ፣ ራዳሩና ካሜራው፣ የፍሬኑ አክቹዌተርም (የፍሬኑን ግፊት የሚቆጣጠረው ክፍል) የሉበትም። እነዚህ ከ36 ሺህ በኋላ የባለቤቱ ዕዳ ናቸው፤ የዛሬ መኪና ኪስ የሚያራግፈውም በእነሱ ነው።

ኤሲውን ብቻ ቀረብ ብለን እንየው። በተራ መኪና ኮምፕሬሰሩን የሚያዞረው የሞተሩ ቺንጋ ነው። የሃይብሪዱ ኮምፕሬሰር ግን በከፍተኛ ቮልቴጅ የሚሠራ የራሱ የኤሌክትሪክ ሞተር አለው፤ ቀይ መብራት ላይ ሞተሩ ጠፍቶ ኤሲው የሚቀዘቅዘው በዚህ ምክንያት ነው። ውስጡ የሚዞረው ዘይት ደግሞ ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ ልዩ ዘይት ነው። ጋራዡ በተራ መኪና ላይ የሚጠቀምበትን ፓግ ዘይት ጥቂት ቢቀላቅልበት፣ ወይም የጋዝ መሙያ ማሽኑን ሳያጸዳ ቢሰካበት፣ የኮምፕሬሰሩ ኢንሱሌሽን ይዳከማል። ኮምፒውተሩም ከፍተኛው ቮልቴጅ ወደ ቦዲው እያፈሰሰ ነው ብሎ ይመዘግባል፤ አንዳንዴ መኪናው ጨርሶ አልነሣም ይላል። ስለዚህ ይህ ሥራ ርካሽ ወደሆነ ሰፈር ጋራዥ ይዘውት የሚሄዱት ሥራ አይደለም፤ ሃይብሪድ ጠንቅቆ ለሚያውቅ ባለሙያ መክፈል ግድ ነው። ሐምሌ ላይ በዲሲ ወበቅ ያለ ኤሲ ተሳፋሪ መጫን ደግሞ አይታሰብም።

ይቅር ባይ

የፓግ ዘይቱ ምሳሌ የሚመሰክረው ለእኔ ነው፣ እህቴ። ውል የሚሸፍነው በራሱ የተበላሸን ዕቃ ነው። ሰው ያበላሸውን፣ የተሳሳተ ዘይት የገባበትን አይከፍልም።

ደግሞ ሃይብሪድ ውስጥ የሌሉትንም እንቁጠር። ሞተሪኖ የለውም፣ ዲናሞ የለውም፣ በየማርሹ የሚቀያየር ካምቢዮም የለውም። ድሮ በ80 ሺህ ማይል ሾፌሩን መንገድ ላይ የሚያስቀሩት እነዚህ ነበሩ። የፍሬን አክቹዌተሩ በአንዳንድ የቀድሞ ሃይብሪዶች ላይ መበላሸቱ እውነት ነው፤ ነገር ግን ቶዮታ ከ2010 እስከ 2015 በወጡ ፕሪየሶች ላይ ሽፋኑን ራሱ አራዘመ። በራቭ4 ሃይብሪድ ከኋላው የኤሌክትሪክ ሞተር ጋር የሚገናኘው ኬብል በመንገድ ጨው ዝጎ ሲያስቸግር እንዲሁ አደረገ። ኒሳንም በአንዳንድ የአልቲማ ሞዴሎች የሲቪቲ (ማርሽ የሌለው) ካምቢዮ ሽፋን ወደ 84 ወር ወይም 84 ሺህ ማይል ከፍ አድርጓል። ጉድለቱ የብዙ ሰው ሲሆን ፋብሪካው ይነካዋል። በውል የሚገዛው እንግዲህ የተናጠል ዕድል ብቻ ነው።

ዋናው ሙግቴ ግን ገና ነው። አብዛኞቹ ውሎች "የማይሸፈን" በሚለው ገጽ ላይ ለንግድ የዋለ መኪና ይላሉ፤ ታክሲ፣ ዕቃ ማድረስ፣ በክፍያ ተሳፋሪ ማጓጓዝ። የፋብሪካ ዋራንቲ ላይም አለ፤ የሂዩንዳይ የ10 ዓመት የሞተር ሽፋን ለታክሲና ለመሰል ሥራ የዋለን መኪና አይጨምርም። ማን ያውቅብኛል የሚል ካለ፣ በ14 ወር 52 ሺህ ማይል የተነዳ መኪና ራሱ ይናገራል። የውሉ ከፋይ ድርጅት የሚልከው መርማሪ ሲመጣ በመስተዋቱ ላይ የኡበሩን ስቲከር ያያል፣ የኢንሹራንስ ወረቀቱን ይጠይቃል። 3,000 ዶላር ከፍሎ የማይሠራ ወረቀት መያዝ ይህ ነው።

ይገዛ ባይ

በዚህ ላይ አልከራከርዎትም። ያንን መስመር ሳያነብ የፈረመ ሾፌር ገንዘቡን ጥሏል። ሆኖም ተጨማሪ ከፍለው የራይድሼር (የኡበርና የሊፍት) ሥራን የሚያስገቡ ውሎችም አሉ። መጠየቅ፣ በቃል "ችግር የለም" ቢሉ አለመቀበል፣ በውሉ ላይ የተጻፈውን አንቀጽ በጣት ማሳየት ነው። ሻጩ ሊያሳይ ካልቻለ ይቅር፤ እኔም "ይቅር" እላለሁ።

ባዶውን ውል ከፊርማ በፊት ቤት ወስዶ ማንበብ ያስፈልጋል፤ ብሮሹሩን ሳይሆን ውሉን። መጀመሪያ አጻጻፉን ማየት ነው። "እነዚህ ዕቃዎች ይሸፈናሉ" ብሎ የሚዘረዝር ውል፣ ያልተዘረዘረውን ሁሉ ትቷል። "ከእነዚህ በስተቀር ሁሉም ይሸፈናል" የሚለው ሰፊ ነው፤ ይሄኛው ላይ የማይሸፈኑት የፍሬን ሸራ፣ ጎማ፣ ዋይፐር፣ ትንሹ ባትሪና የመሳሰሉት አላቂ ዕቃዎች ናቸው። ዲዳክቲብሉ (ባለቤቱ ከኪሱ የሚከፍለው ድርሻ) 100 ዶላር ከተባለ፣ በአንድ ጉብኝት ነው ወይስ በእያንዳንዱ ጥገና? ሦስት ነገር ይዞ የገባ ሰው በአንደኛው 100፣ በሁለተኛው 300 ይከፍላል።

የሠራተኛ ሰዓት ጣሪያንም አይለፉት። ዲለሩ በሰዓት 190 እያስከፈለ ውሉ 150 ብቻ የሚከፍል ከሆነ፣ 12 ሰዓት በሚፈጅ ሥራ 480 ዶላር ከሾፌሩ ኪስ ይወጣል። ተሸፍኗል ተብሎ ማለት ነው።

ጠብ የሚነሣበት ሌላው ደረሰኝ ነው። የማግነሰን-ሞስ ሕግ ከ1975 ጀምሮ ፋብሪካው "ዘይት ከእኔ ዘንድ ካልቀየርክ ዋራንቲህን እሰርዛለሁ" እንዳይል ከልክሎታል። የትም ይቀየር፣ ማስረጃው ግን ይኑር። ለታክሲ መሰል ሥራ ቶዮታ የሚያዘው በየ5 ሺህ ማይሉ ነው፤ በዓመት 9 ዘይት ቅያሪ፣ እስከ 100 ሺህ ማይል 20 ደረሰኝ። በእያንዳንዱ ላይ ቀን፣ ማይል፣ የመኪናው ቪን ቁጥር፣ የዘይቱ ዓይነትና መጠን፣ የፊልትሮው ስም ይኑርበት። "ዘይት፣ 60 ዶላር ካሽ" የሚል ብጣሽ ወረቀት አያድንም። ራሱ የሚቀይር ሰው የዘይቱንና የፊልትሮውን ደረሰኝ ከዳሽቦርዱ ፎቶ ጋር ያስቀምጥ።

ዕድላችን የተናጠል ነው ብለዋል፤ ዕድርም እንዲያ ነው። ዘንድሮ ከቤቴ ሰው አልሞተም ብሎ የዕድር ክፍያውን ከሰርኩ የሚል የለም።

ይቅር ባይ

ዕድር "የለቅሶውን ደረሰኝ አምጣ" አይልም፤ ኮሚሽን የሚበላ ሻጭም የለበትም። ከሁሉ በላይ ዕድርተኛው ዳኛውን በስሙ ያውቀዋል። እዚህ ግን በውሉ ግርጌ ያለው ከፋዩ ድርጅት ማን እንደሆነ የሚያነብ ስንት ሰው ነው? ሻጩ ሌላ፣ አስተዳዳሪው ሌላ፣ ከፋዩ ሌላ ይሆናል። በሚዙሪ የነበረው ዩኤስ ፊደሊስ ይህን ውል በማስታወቂያና በስልክ ሲሸጥ ቆይቶ በ2010 ለኪሳራ ፍርድ ቤት ገባ። በ2022 የአሜሪካ ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን "የመኪናዎ ዋራንቲ ሊያበቃ ነው" የሚለውን የሮቦት ጥሪ የስልክ ኩባንያዎች እንዲዘጉ አዘዘ። በ2024 ደግሞ ይህንኑ ዓይነት ውል የሚሸጠው ካርሺልድ ከፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ጋር በማስታወቂያው ጉዳይ በ10 ሚሊዮን ዶላር ተስማማ። ቢገዛ እንኳ በፋብሪካው ስም የቆመውን እንጂ በፖስታ የመጣውን አይሁን።

ጥገናው ራሱስ እንዴት ነው የሚሄደው? መብራት ሲበራ መኪናውን ወዲያው ማቆም ግድ ነው፤ "አንድ ተሳፋሪ ላድርስ" ብሎ ሲነዱ ለተጨመረው ጉዳት አይከፍሉም። ከዚያ ጋራዡ ከመነካካቱ በፊት ደውሎ የፈቃድ ቁጥር ማግኘት አለበት። ሞተሩ ይከፈት ከተባለ የመክፈቻውን የሚፈርመው ባለቤቱ ነው፤ ምክንያቱ ያልተሸፈነ ሆኖ ከተገኘ የተፈታውንም የሚከፍል እሱ ነው። መርማሪ እስኪመጣ ቀናት ያልፋሉ። ውሉ ለኪራይ መኪና በቀን የተወሰነ ዶላር ይሰጥ ይሆናል፤ በዚያ ኪራይ መኪና ግን ኡበር መሥራት አይቻልም። የሾፌር ትልቁ ኪሳራ የቆመበት ቀን ነው፣ እሱን ደግሞ የትኛውም ገጽ አይሸፍነውም።

በማይል 5 ሳንቲም ካሉማ፣ 45 ሺህ ማይል 2,250 ዶላር ነው። በየሳምንቱ 43 ዶላር ለብቻው ቢቀመጥ፣ ኮምፕሬሰሩም ቢሞት ሾፌሩ ማንንም ፈቃድ ሳይጠይቅ በማግስቱ ያሠራዋል።

ይገዛ ባይ

43 ዶላሩ ከአገር ቤት ስልክ እስኪደወል ድረስ ይቀመጣል። እሱን ልተወውና፣ የገዛ ሰው በውሉ የታሰረ እንዳይመስለው አንድ ነገር ላክል። ውሉ ይሰረዛል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት (ብዙ ጊዜ 30 ወይም 60) ምንም ካልተጠቀመበት ሙሉው ይመለሳል፣ ከዚያ በኋላ በቀረው ልክ። ስሌቱ ከጊዜውና ከማይሉ ይበልጥ ያለቀውን ይወስዳል። በ7ኛው ወር 25 ሺህ ማይል ላይ ቢሰረዝ ከጊዜው ያለቀው 8 በመቶ ቢሆንም ከማይሉ 25 በመቶ ስላለቀ፣ የሚመለሰው 2,250 ዶላር ሲቀነስ የስረዛው ክፍያ ነው።

ይቅር ባይ

እሱም ሎን ካለበት የሚላከው ለባንኩ ነው፤ የወር ክፍያውም አይቀንስም፣ ከዕዳው ጫፍ ይነሣለታል። አደጋ ደርሶ መኪናው ቶታል (ሊጠገን የማያዋጣ) ከተባለ ግን እህቴ ያሉት ገንዘብ በራሱ አይመጣም። ኢንሹራንሱ ስለ ውሉ አያውቅም፣ ዲለሩም አይደውልም። ባለቤቱ በጽሑፍ ስረዛ ጠይቆ፣ የቶታሉን ደብዳቤና የመጨረሻውን ማይል አያይዞ፣ የተላከበትን ቀን የሚያሳይ ማስረጃ መያዝ አለበት።