ማስተካከያ፦ ከባሕር ዳር አውሮፕላን ማረፊያ ወደ ከተማ ስለሚገባው ሚኒባስ

ባለፈው በወጣው የጉዞ መረጃ ላይ «ከደጃዝማች በላይ ዘለቀ አውሮፕላን ማረፊያ የሆቴል ሚኒባስ ማንኛውንም መንገደኛ በነፃ ከተማ ያደርሳል» ተብሎ ነበር። እንደዚያ አይደለም።

ነፃ የሚሆነው እዚያው ሆቴል አልጋ ለያዘ ሰው ነው፤ እሱም ሆቴሉ አገልግሎቱን የሚሰጥ ከሆነ። ስለዚህ አልጋ ስትይዙ ጠይቁ፤ የምትደርሱበትንም ሰዓት ንገሯቸው። ሰዓቱ ላይ አደራ! ትኬቱ 14:00 ካለ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 8 ሰዓት ነው። «ሁለት ሰዓት ላይ እንደርሳለን» ብላችሁ ከደወላችሁ ሚኒባሱ ጠዋት መጥቶ ባዶውን ይመለሳል።

ሌላው ሰው ከፍሎ ነው የሚሳፈረው። ከማታውቋቸው ሰዎች ጋር አብራችሁ የምትገቡ ከሆነ፣ ሻንጣው ከመጫኑ በፊት አንድ ነገር አጣሩ፦ ሂሳቡ በሰው ነው ወይስ በኮንትራት? ሻንጣ ጣሪያ ላይ ከታሰረ በኋላ ዋጋ መከራከር ከባድ ነው።

መውረጃችሁንም ቀድማችሁ ተናገሩ፤ በተለይ አዛውንት ይዛችሁ ከሆነ። አውሮፕላን ማረፊያው ከከተማው በስተምዕራብ ስለሆነ ጊዮርጊስ አካባቢ የሚወርደው ቀድሞ ይደርሳል። በምሥራቅ በኩል ወዳለው ዓባይ ድልድይ የሚሄደው ግን የሌሎቹን መውረድ እየጠበቀ መጨረሻ ላይ ሊደርስ ይችላል።