ስለ ትሪው ሙከራ ጥቂት ለመጨመር

ያነበብኩት አንድ የማስተማሪያ ጽሑፍ በባሕር ዳር ያሉ ተማሪዎች በትሪ በተደረገ አፈር ላይ ውሃ እያፈሰሱ የአፈር መሸርሸርን በተግባር እንዲማሩ መምከሩ መልካም ነው፤ ሆኖም የአለት መፈራረስንና የአፈር መሸርሸርን እንደ አንድ ነገር መቁጠሩ ተማሪውን ያደናግራል። አለት የሚፈራርሰው ባለበት ቦታ ሳለ ሲሆን፣ መሸርሸር ግን የተፈራረሰውን ውሃ ወይም ነፋስ ጠርጎ ሲወስደው ነው።

የአለት መፈራረስን ለማሳየት ጽሑፉ ያቀረበው፣ ድንጋይ ላይ ኮምጣጤ ጠብ የማድረጉ ሙከራ በእኛ አካባቢ ብዙም አያስኬድም፤ የጣና ዳር ጥቁር ድንጋይ ባዛልት የሚባል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ በመሆኑ እንደ ኖራ ድንጋይ አረፋ አያወጣም። (በድንጋዩ ፈንታ የሰሌዳ ጠመኔ እንዳይወሰድ ደግሞ፣ እሱም ብዙ ጊዜ የሚሠራው በኮምጣጤ አረፋ ከማያወጣው ከጂፕሰም ስለሆነ የእንቁላል ቅርፊት ይሻላል።) ይልቁንም መምህሩ የዓይን መከላከያ አድርጎ አንድ የቆየ ጥቁር ድንጋይ በመዶሻ ቢሰብር፣ ውስጡ ጥቁር ግራጫ ሆኖ ጠርዙ የዛገ ብረት መስሎ ይታያል፤ ይህም በድንጋዩ ውስጥ ያለው ብረት ከአየርና ከእርጥበት ጋር የመዋሐዱ ምልክት ነው።

ለመሸርሸሩ ደግሞ አንድ ትሪ አይበቃም። አንዱ ባዶ አፈር፣ ሌላው ሣር የበቀለበት ሆኖ፣ ተዳፋታቸውም የሚፈስባቸው ውሃም እኩል መሆን አለበት። የወረደውን ውሃ በሃይላንድ ፕላስቲክ አጠራቅሞ ማሳደር ነው፤ አሸዋው ወዲያው ሲዘቅጥ፣ የሸክላው ደቃቅ ግን በማግሥቱም ውሃውን እንዳደፈረሰ ይቆያል። የጉማራና የርብ ወንዞች ከጉና ተራራ በኩል አፈር ተሸክመው ሲወርዱ ከባዱን በፎገራ ሜዳ እየጣሉ ደቃቁን ይዘው ጣና የሚገቡት፣ ሐይቁም በክረምት የሚደፈርሰው በዚሁ ምክንያት ነው።