የጎንደር ፎቶዎች ስምና ቀን ይኑራቸው

በየዓመቱ በከተራና በጥምቀት በአጼ ፋሲል መዋኛ ዙሪያ የሚነሳው ፎቶ ስፍር ቁጥር የለውም። ምስሎቹ ግን በዓሉ ካለፈ በኋላ ካሜራው የሰጣቸውን ቁጥር እንደያዙ በሃርድ ዲስክና በፍላሽ ይከማቻሉ፤ ዓመት በዓመት ላይ ሲደራረብም የየትኛው ዓመት፣ የየትኛው ደብር ታቦት እንደሆነ ያነሳው ሰው እንኳ መለየት ያቅተዋል።

በከተማችን ስለ ፎቶ ሶፍትዌር ሲነሳ ወሬው ሁሉ ስለ ማሳመር ነው። አዶቤ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2013 የፎቶ ማሳመሪያ ፕሮግራሙን ፎቶሾፕን በየጊዜው ወደሚከፈልበት አሠራር ካዞረው ወዲህ፣ ክፍያው በውጭ ምንዛሪ በመሆኑ፣ ክራክ የተደረገው፣ ማለትም ያለ ክፍያ እንዲሠራ መቆለፊያው የተሰበረው ቅጂ ከነቫይረሱ በፍላሽ ሲዘዋወር ይታያል። ለአብዛኛው የፎቶ ቤት ሥራ፣ ማለትም ቀለም ለማስተካከል፣ ፊት ለማጥራትና ጀርባ ለመቀየር፣ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ በነጻ የሚታደለው ጊምፕ የተባለ የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም ይበቃል። ፎቶሾፕ የለመደ እጅ መጀመሪያ ላይ መቸገሩ አይቀርም፤ ችግሩ ግን የልምምድ እንጂ የአቅም አይደለም።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ማደራጀቱ ነው። ዲጂካም የተባለው ነጻ ፕሮግራም ለዚሁ የተሠራ ነው። አንድን የከተራ ፎቶ መርጦ በመግለጫው ቦታ «ከተራ፣ ጥር 10 ቀን 2016 ዓ.ም.» ብሎ በአማርኛ መጻፍ፣ የደብሩንና የሰዎቹን ስም መጨመር ይቻላል። ጽሑፉ በምስሉ ፋይል ውስጥ እንዲቀመጥ ማድረግ ስለሚቻል፣ ፎቶው ወደ ሌላ ኮምፒውተር ሲገለበጥ ስሙ አብሮት ይሄዳል። ካሜራው በኢትዮጵያ ሰዓት አቆጣጠር ተሞልቶ ከነበረና በዚህ ምክንያት የ6 ሰዓት መዛባት ከተፈጠረ፣ የብዙ ፎቶዎችን ሰዓት በአንድ ጊዜ ማረም ይቻላል። ፊት የሚለይበት መሣሪያም አስፈላጊዎቹን ፋይሎች አንድ ጊዜ ካወረደ በኋላ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ ኔትወርክ በሚቆራረጥበት አገር ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም።

ብዙዎቻችን ቴሌግራምን እንደ ማከማቻ እንቆጥረዋለን። ሆኖም በተለመደው መንገድ የተላከ ፎቶ ጥራቱ ይቀንሳል፣ የተነሳበት ቀንና የካሜራው መረጃም ይጠፋል፤ በፋይል መልክ ሲላክ ግን እንዳለ ይደርሳል።

የፋሲል ግቢን ብንወስድ፣ ቀኑ በትክክል የተመዘገበ ፎቶ ግንቡ ከእድሳት በፊትና በኋላ ምን ይመስል እንደነበር ለማነጻጸር ማስረጃ ይሆናል። ቀኑ የማይታወቅ ፎቶ፣ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ለዚህ አይረዳም።

ስለዚህ የፎቶ ባለሙያዎቻችን የሠርግም ሆነ የክርስትና ፎቶ ለደንበኛ ሲያስረክቡ ስምና ቀን የተጻፈበትን ፋይል ቢያስረክቡ እመኛለሁ። ሁሉንም በአንድ ጊዜ ማደራጀት ስለሚያታክት ከዘንድሮው ሥራ መጀመር ይሻላል። በየቤቱ አልበም ያለውን የቆየ ፎቶ ግን ስካን አድርጎ በውስጡ ያሉትን ሰዎች የሚያውቁ እናቶችና አባቶች አጠገባችን ሳሉ ስማቸውን ጠይቆ መጻፍ ለነገ የሚባል ሥራ አይደለም።