«እሷም እኮ ባንክ ነው የተማረችው»

ሰሞኑን ደብረ ብርሃን ላይ በተደረገ አንድ ውይይት የሰማሁት ነገር እስካሁን ከጉሮሮዬ አልወረደም። ወሬው ለሰሜን ሸዋ ይሠራል ስለሚባለው የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ነበር። ከተሳታፊዎቹ አንዱ እጁን አውጥቶ «ሕንፃው እስኪያልቅ አትጠብቁ፤ ሙያውን የሚያውቅ ዳይሬክተር ከአሁኑ ፈልጉ» አለ። መድረኩ ላይ የነበሩት ኃላፊ ፈገግ አሉ። ሙዚየም ማለት ዞሮ ዞሮ ንብረት ማስተዳደር ነው፣ ጥሩ የማኔጅመንት ሰው ይበቃል አሉ። ይህ ብቻ ቢሆን ለምደነዋል፣ ቡናችንን ጠጥተን እንሄድ ነበር። ያላስቻለኝ ማስረጃቸው ነው። «ያቺ ታዋቂዋ የኬፕታውን ሙዚየም ዳይሬክተር ኮዮ ኩዎ፣ እሷም እኮ ባንክ ነው የተማረችው» ብለው አረፉት።

አዳራሹ አጨበጨበ። እንዴ!

ስለ ሰው አንድ መስመር ከስልክ ላይ አንብቦ ስልኩን ኪስ መክተት ይቻላል። ግን በዚያች አንድ መስመር የአንድ ዞን ሙዚየም ዕጣ ፈንታ ሲወሰን ዝም ማለት ይከብዳል። ስለዚህ ኃላፊው ያላነበቡትን ቀሪውን እኔ ላንብብላቸው።

አዎ፣ ኩዎ ባንክና ቢዝነስ ተምራለች። ዱዋላ፣ ካሜሩን ተወለደች፣ በልጅነቷ ስዊዘርላንድ ሄደች፣ ዙሪክ ተማረች። እና ባንክ ቤት ገብታ ቀረች? አልቀረችም። ኑሮዋን ወደ ዳካር አዞረች። እዚያ ከሰዓሊው፣ ከፊልም ሠሪው፣ ከጸሐፊው ጋር ኖረች። እ.ኤ.አ. በ2008 ዳካር ላይ ሮው ማቴሪያል ካምፓኒ የሚባል ማዕከል መሠረተች። ስሙ ፋብሪካ ይመስላል። ሥራው ግን ሰው ሰብስቦ ስለ ሥዕል ማነጋገር፣ ማስነበብ፣ ማሳየት ነው። ጀርመን ካሰል ውስጥ በየአምስት ዓመቱ በሚደረገው ዶክዩሜንታ በሚባለው ትልቅ የሥነ ጥበብ ዓውደ ርእይ ላይም በ2007 እና በ2012 ከአዘጋጆቹ ጋር ሠርታለች። በ2016 አየርላንድ፣ ሊምሪክ ከተማ ትልቁን ዓውደ ርእያቸውን መርታለች። የኬፕታውኑ ሙዚየም፣ ዛይትዝ ሞካ፣ በ2019 ሲጠራት ዳካር ከገባች ሃያ ዓመት አልፏት ነበር።

ሃያ ዓመት! ኃላፊያችን ግን ከዚህ ሁሉ የታያቸው ዲግሪው ብቻ ነው።

በዚህ ስሌት እንሂድ ካልን ከራሳችን ደጅ እንጀምር። የአንኮበሩ ልጅ እጅግ የተከበሩ የዓለም ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ ወደ እንግሊዝ የተላኩት ምን ሊማሩ ነበር? የማዕድን ምህንድስና። ይህን የማያውቅ አንኮበሬ ያለ አይመስለኝም። ከዚያ ነው ልባቸውን ተከትለው ሥዕል ትምህርት ቤት የገቡት፣ ለንደን ስሌድ የደረሱት። እንግዲህ በኃላፊው አነጋገር ለአፍሪካ አዳራሽ 150 ካሬ ሜትር ባለቀለም መስታወት አንድ ጎበዝ የማዕድን መሐንዲስ ይበቃ ነበር ማለት ነው። እሳቸውም እኮ ማዕድን ሊማሩ ነው የሄዱት!

ደግሞ ሕንፃ ይወዳሉ። በዚያ ውይይት ላይ የታየን ስላይድ ሙሉውን ስለ ሕንፃ ነበር። አዳራሽ፣ ፓርኪንግ፣ ካፌ፣ ፎቅ ላይ ቪአይፒ ክፍል። ሥዕል የሚሰቀልበት ግድግዳ የት እንደሆነ ፈልጌ አጣሁ። እሺ፣ በሚወዱት እንምጣላቸው።

ዛይትዝ ሞካ ጎተራ ነበር። የምሬን ነው፣ የእህል ጎተራ። ኬፕታውን ወደብ ላይ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ የተሠራ፣ 42 ረጃጅም የሲሚንቶ ቱቦዎች ያሉት። ቶማስ ሄዘርዊክ የሚባል እንግሊዛዊ ዲዛይነር መጣና ቱቦዎቹን ከውስጥ በኩል ጠርቦ መሀሉን በበቆሎ ፍሬ ቅርጽ ባዶ አደረገው። እ.ኤ.አ. በ2017 ተከፈተ። የዓለም ጋዜጣ ሁሉ ፎቶውን አወጣ። በዚያ ላይ ገንዘብ አለው፣ ስሙን የሰጠው ሀብታም ሰብሳቢ አለው። ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል?

ዓመት እንኳን ሳይሞላው ተናጋ። የመጀመሪያው ዳይሬክተር ምርመራ ተከፍቶበት በ2018 ለቀቀ። ሙዚየሙ የአንድ ባለሀብት ስብስብ ማሳያ ነው፣ የከተማው ሕዝብ የት አለ፣ የሚል ትችት ወረደበት። ያን የመሰለ ሕንፃ ከትችት አላዳነውም። ኩዎ የገባችው ወደዚህ ነው።

ምን አደረገች መሰላችሁ? እ.ኤ.አ. በ2020 በኮሮና ተዘግቶ የነበረው ሙዚየም ሲከፈት ለኬፕታውን ነዋሪ «ቤታችሁ ያለውን ሥዕል አምጡ» ተባለ። መጣ። 2,000 ገደማ ሥራ ከሳሎን፣ ከመኝታ ቤት ግድግዳ ወርዶ ሙዚየም ገባ። የስመ ጥሩ ሰዓሊ ሥራ ከልጅ ሥዕል ጎን ተሰቀለ። ትናንት «ይህ ቤት የእኛ አይደለም» ሲል የነበረ ሰው ዘመዱን እየጎተተ «ያ የኔ ነው» ለማለት መጣ።

ይህ ሐሳብ ከምን ይመጣል? ከማኔጅመንት ኮርስ አይመጣም። ማኔጅመንት የሚያውቀው ሰው መጀመሪያ ኢንሹራንሱን ያሰላል፣ ከዚያ የጥበቃውን ቁጥር፣ ከዚያ ሐሳቡን ይሰርዘዋል። ሐሳቡ የሚመጣው ሰው ለምን ግድግዳው ላይ ሥዕል እንደሚሰቅል ዕድሜውን ሙሉ ሲያስብ ከኖረ ሰው ነው።

በ2022 ደግሞ ጥቁሮች ራሳቸውን የሳሉበትን የመቶ ዓመት ሥዕል አንድ ላይ አሳየች። ወደ 200 የሚጠጉ ሥራዎች። አከፋፈሉን ተመልከቱ፦ የየዕለት ኑሮ፣ ደስታ፣ ዕረፍት፣ መንፈሳዊነት። ስለ ጥቁር ሕዝብ ሲባል ሁሌ ስቃይና ሰንሰለት ለሚጠብቀው ዓለም ሰው ሶፋው ላይ ጋደም ሲል፣ ሰው ሲጨፍር፣ ሰው ሲጸልይ አሳየችው። ባዝልና ብራስልስ ወስደው አሳዩት። አውሮፓ አፍሪካ ውስጥ የተሰናዳ ዓውደ ርእይ ተቀባይ ሆነች። ይህን የሚሠራው ዓይን ነው። ዓይን ደግሞ በደረጃ ዕድገት አይሰጥም።

በታኅሣሥ 2024 (እ.ኤ.አ.) የ2026ቱን የቬኒስ ቢየናሌ፣ ጣሊያን ውስጥ በየሁለት ዓመቱ የሚደረገውን ዓለም አቀፍ የሥነ ጥበብ ዓውደ ርእይ፣ እንድታዘጋጅ ተሾመች። ለዚህ የበቃች የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት ሴት ናት። በግንቦት 2025 አረፈች፣ ገና በ57 ዓመቷ። ቬኒሶች ምን ወሰኑ? ሌላ ሰው አልተኩም። እሷ ያቀደችውን፣ እሷ በመረጠቻቸው ሰዎች እንሠራለን አሉ። እስቲ ኃላፊው ይንገሩኝ፣ የትኛው የንብረት አስተዳዳሪ ነው ሲሞት ወንበሩ የማይሞላው? የንብረት ሰው ቢያልፍ ውክልና ይጻፋል፣ ቁልፍ ይረከባሉ፣ በቃ።

ስለ ቁልፍ ካነሳን፣ ንብረት ማስተዳደር ምን እንደሚመስል እኔ በዓይኔ አይቻለሁ። እዚሁ ዞን ውስጥ ነው፣ የትኛው ወረዳ እንደሆነ ይቅር። የባህል ዕቃ ክፍል ነው ብለው አስገቡኝ። መስኮቱ በካርቶን ተደፍኗል። የሱፍና የናፍታሊን ሽታ አንድ ላይ አፍንጫ ይመታል። ጥግ ላይ አንድ የመንዝ በርኖስ ተጣጥፎ ተቀምጧል። ጥቁር ነው፣ ጥቅጥቅ ያለ፣ ዝናብ የማያሳልፍ የሚመስል። እጥፋቱ ላይ አቧራው መስመር ሠርቷል። በሲባጎ የታሰረችው ብጣሽ ካርቶን እንዲህ ትላለች፦ «በርኖስ፣ ብዛት 1፣ ሁኔታ ደህና።»

ማን ፈተለው? አይልም። ማን ሸመነው? አይልም። ማን ለብሶት ምን ዋለበት? የለም። ጠባቂውን ጠየቅሁት። «ሞዴል 19 አለው» አለኝ፣ የንብረት ገቢ ደረሰኙን ማለቱ ነው። እውነቱን ነው፣ አለው። ኦዲተር ቢመጣ አንዲት ስህተት አያገኝም። ንብረቱ ፍጹም በሆነ መንገድ እየተዳደረ ነው። በርኖሱ ግን በቁሙ ሞቷል።

ሙያውን የሚያውቅ ዳይሬክተር ያንን በርኖስ ቢያገኘው መጀመሪያ የሚያደርገው ነገር መሀል ሜዳ መሄድ ነው። ሸማኔው ጋ ቁጭ ይላል። ፈታዮቹን እናቶች እየጠራ ያናግራል። ሱፉ ለምን እንዲህ እንደሚወፍር፣ በጉ ስንቴ እንደሚሸለት፣ ዛሬ ማን እንደሚገዛው ይጠይቃል። ከዚያ አንድ ወጣት ሰዓሊ ይጠራና «ይህን አይተህ ምን ትሠራለህ?» ይለዋል። ዘመናዊ ሥነ ጥበብ ማለት የግድ ሰው ያልገባው ነገር ግድግዳ ላይ መለጠፍ አይደለም። ደብረ ብርሃን በብርድ ልብስ ፋብሪካዋ የታወቀች ከተማ ናት፣ መንዝ ደግሞ ባና በሚባለው የሱፍ ብርድ ልብስና በበርኖስ። ሱፍ እዚህ አገር ታሪክም ነው፣ እንጀራም ነው፣ ብርድም ነው። በዚህ ብቻ የሦስት ዓመት ዓውደ ርእይ ይወጣል። ግን የሚያየው ሰው ያስፈልጋል።

ኢትዮጵያ ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው የለም የሚለኝ ካለ አልሰማውም። ዶክተር ኤልሳቤጥ ወልደጊዮርጊስ የገብረ ክርስቶስ ደስታን ሙዚየም ሲመሩ እ.ኤ.አ. በ2015 በዓለም የታወቀውን የአርቲስት ኦላፉር ኤልያሰንን፣ በ2016 የትውልደ ኢትዮጵያዊቷን ሰዓሊ የጁሊ ምህረቱን ሥራ አዲስ አበባ ላይ አሳይተዋል። በገንዘብ ቢሆን ኖሮ ያ ቤት ሁለቱን በር ላይ እንኳን ማቆም አይችልም ነበር። የመጡት ጠሪዋን ስለሚያውቁ ነው፣ ሥራቸውን የሚያነብ ሰው ስላለ ነው። ወይዘሮ መስከረም አሰግድ ደግሞ በሙያቸው አንትሮፖሎጂስት ናቸው። ከሰዓሊው ኤልያስ ስሜ ጋር ሆነው ዞማ የሚባለውን የአዲስ አበባ ሙዚየም በጭቃና በጭድ ገነቡት። ቪአይፒ ክፍል ይኑረው አይኑረው አላውቅም፣ ሰው ግን ከባሕር ማዶ ድረስ እየመጣ ያየዋል። ኃላፊው ለሚቀጥለው ውይይት ማስረጃ ካስፈለጋቸው «እሷም እኮ አንትሮፖሎጂ ነው የተማረችው» ይበሉ። ያስጨበጭብላቸዋል።

ሒሳብ አያስፈልግም አላልኩም። ሒሳብ የሚያውቅ ሰው ይኑር። ምክትል አድርጉት። ደመወዙንም ጥሩ አድርጉለት። ዋናውን ወንበር ግን ለቦታ ድልድል ማሟያ አታድርጉት። እኛ አገር እንዴት እንደሚሆን እናውቃለን እኮ። አንድ ሰው ከአንድ መምሪያ ይነሳል፣ የሚቀመጥበት ቦታ ይጠፋል፣ «ሙዚየሙ ክፍት ነው» ይባላል። ሥዕሉን ደግሞ ኮሚቴ ይመርጠዋል። ከየመሥሪያ ቤቱ አንድ አንድ ተወካይ፣ አበል ይታሰባል፣ ቃለ ጉባዔ ይያዛል። መጨረሻ ላይ ግድግዳው ላይ የሚሰቀለው ማንንም የማያስቀይም ጀበናና የፀሐይ መጥለቅ ነው። ከዚያ ማንም አይመጣም። ከዚያ «ሕዝባችን የሙዚየም ባህል የለውም» እንባላለን። ጥፋቱ የእኛ!

የመጨረሻ መከራከሪያቸው ደመወዝ ነበር። ባለሙያ በዚህ ስኬል አይመጣም፣ ቢመጣም ብርዱን አይችልም አሉ። ሰው ሳቀ። ጠይቃችኋል ወይ? ማስታወቂያ ወጥቷል ወይ? ለሕንፃው የሚታሰበው ብር ሲነገር ማንም «በዚህ ስኬል» አላለም። ብር የሚያጥረው ሰው ላይ ሲደርስ ነው። ለመስታወቱ፣ ለሴራሚኩ፣ ለምርቃቱ ድንኳን ይገኛል።

እኔ ብጠየቅ ቅጥሩ ከመሠረት ድንጋዩ ይቀድማል። ዳይሬክተሩ ወይም ዳይሬክተሯ አንድ ዓመት ያለ ሕንፃ ይሥሩ። አንድ መኪና፣ አንድ ረዳት፣ አንድ ጥሩ ካሜራ ይበቃል። መንዝ ይውጡ፣ ይፋት ይውረዱ፣ አንኮበር ይደሩ፣ የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ልጆች የሚሠሩትን ይዩ። ዓመቱ ሲያልቅ ምን እንደሚያሳዩ ይንገሩን፣ አርክቴክቱ ያን ሰምቶ ይሳል። የመጀመሪያው በጀት ለሲሚንቶ ሳይሆን ለናፍጣና ለውሎ አበል ይውጣ። ካፌው ይደርሳል፣ ደብረ ብርሃን ላይ ሻይ የሚጠጣበት አልጠፋም።