ሠላሳው ቀን ከአርባው ይቀድማል

የአክስቴ ባል ያረፉት ቤታቸው፣ አልጋቸው ላይ ነው። ሲነጋ ጡሩምባ ተነፋ፣ ድንኳን ተተከለ፣ ሰፈሩ ወጥቶ ቀበራቸው። አክስቴ አርባውን አውጥታ፣ ጥቁሯን እንደለበሰች ወረዳ ሄደች። ያለ ሞት ምስክር ወረቀት ጡረታው አይዞርም፣ የባንክ ደብተሩም አይንቀሳቀስም።

«እማማ፣ የሆስፒታል ማስረጃ ያምጡ» አላት መዝጋቢው ልጅ።

«ቤቱ ነው የሞተው፣ ልጄ።»

«ጊዜውም አልፏል። ሠላሳ ቀን ነው።»

ወረቀቶቿን በፌስታል ይዛ አራት ጊዜ ተመላለሰች።

መዝጋቢው ከራሱ አላመጣውም። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 760/2004 ልደትን ለማስመዝገብ 90 ቀን ሲሰጥ ለሞት የሰጠው 30 ቀን ነው። እኛ አገር ሐዘን የራሱ ቀን አለው። ክርስቲያኑ ሠልስት አለው፣ አርባ አለው። ሙስሊሟ ሚስት ዒዳ ትቀመጣለች፤ አራት ወር ከአሥር ቀን። ሕጉ ደግሞ መጀመሪያ አስመዝግብ የሚለው ከሟች ጋር አብሮ የኖረውን ነው። ማለትም ፍራሽ ላይ የተቀመጠችውን ሴት።

የ1952ቱ ፍትሐ ብሔር ሕግ ልደት፣ ጋብቻና ሞት ስለሚጻፍበት የክብር መዝገብ ብዙ አንቀጽ ነበረው፤ ሥራ ላይ ሳይውል ቀረ። ምዝገባው በአገር ደረጃ የተጀመረው በ2008 ነው። እድር ግን እስከዚያም ሟቾቻችንን ሲመዘግብ ኖሯል። የአክስቴን እድር መዝገብ አይቼዋለሁ። ጠርዙ የተበላ ትልቅ ደብተር ነው፤ የሟች ስም፣ ቀን፣ የተከፈለ ገንዘብ፣ የተቀባይ ፊርማ።

የምዝገባው ሕግ ይሻሻል ሲባል እኔ የምለው ይህን ነው። ቤቱ ለሞተ ሰው የእድርና የቀብር ቦታ ደብዳቤ በቂ ማስረጃ ይሁን። የማሳወቁ ግዴታ ከሐዘንተኛዋ ትከሻ ይውረድ፤ ጤና ተቋሙ፣ እድሩና መካነ መቃብሩ ያሳውቁ። ቀኑም ቢያንስ እንደ ልደቱ 90 ይሁን፣ ዒዳ ላይ ላለች ደግሞ እስክትወጣ ይጠበቅ።

የሐሰት ሞት ይበዛል የሚሉ አሉ። ስጋቱ እውነት ነው፤ በቁሙ ሞተ ተብሎ ቤቱን የሚነጠቅ ሰው መኖር የለበትም። ግን ሰፈር ቆሞ የቀበረውን ሰው ከማስመሰል አንድ ወረቀት ማስመሰል ይቀላል።

አስከሬን የሌለው ሞት ከዚህም ይከፋል። ልጇ ሊቢያ በረሃ ወይም ባሕር ላይ የቀረባት እናት እድሩም መቃብሩም የላትም። ፍርድ ቤት ጠፍቷል ብሎ እንዲወስንላት ለመጠየቅ እንኳ ወሬው ከጠፋ ሁለት ዓመት መሙላት አለበት። አብረውት የተጓዙት ልጆች ቃል ቶሎ የሚሰማበት መንገድ ሕጉ ውስጥ መግባት አለበት።

አክስቴ ወረቀቱን ያገኘችው በአምስተኛው ጉዞዋ ነው። የእድሩ ጸሐፊ ያን ደብተር በብብቱ ይዞ አብሯት ሄደ።